ከክፍል ሳይወጡ አምስት ምዕራፍ፦ የቤት ውስጥ የብስክሌት ተከታታይ ውድድር እንዴት ይሠራል?

ብስክሌቱ የኋላ ጎማ የለውም። ሰንሰለቱ የተጠመደው ወለል ላይ በተቀመጠ ከባድ መሣሪያ ላይ ነው። መሪው ላይ ፎጣ ተጥሏል፤ ፊት ለፊት ስክሪን፣ ከጎን ደግሞ በኃይል የሚነፍስ ቬንትሌተር አለ። ስክሪኑ ላይ ከ80 የማያንሱ ተወዳዳሪዎች መነሻው ላይ ተደርድረው ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይቆጥራል። 10 ሰከንድ ሲቀረው ብስክሌተኛው ፔዳሉን አጥብቆ መርገጥ ይጀምራል፤ ዜሮ እስኪል የጠበቀ ሰው ገና ከመነሻው ወደ ኋላ ይቀራልና። ከዚያ በኋላ ለ50 ደቂቃ ካለበት ቦታ አንዲት ሜትር አይንቀሳቀስም። ሲወርድ ግን ወለሉ በላብ ርሷል፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፣ ስክሪኑም 31ኛ መውጣቱን ይነግረዋል። ነገ ሁለተኛው ምዕራፍ ይጠብቀዋል።

ይህን ያየ ሰው አንዱ "ጌም ነው" ይላል፣ ሌላው "ከመንገዱ ውድድር ምንም አይለይም" ይላል። ሁለቱም ነገሩን በግማሽ ነው ያዩት። ድካሙ፣ ላቡና የልብ ምቱ እውነተኛ ናቸው። መንገዱ፣ ነፋሱና ዳገቱ ደግሞ ስሌት ናቸው። ስፖርቱን መረዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት እውነተኛው ጉልበት ወደ ስሌቱ የሚገባበትን ቦታ ነው።

መንገድ ከሌለ የሚወዳደሩት በምንድን ነው?

በዋት ነው። ዋት ማለት እግር በእያንዳንዷ ሰከንድ ፔዳሉ ላይ የሚያፈሰው የጉልበት መጠን ነው፤ አምፑል ላይ ተጽፎ የምናየው ያው መለኪያ። ልምምድ ያለው ሰው 200 ዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያቆየው ይችላል። ጥቂቶች 300 ዋት ይዘው ይዘልቃሉ።

ይህን የሚለካውና የሚልከው ስማርት ትሬነር የሚባለው መሣሪያ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ከባድ ብረትና ማግኔት አለ። ስክሪኑ ላይ ያለው መንገድ ሽቅብ ሲሆን ፕሮግራሙ ለመሣሪያው መልእክት ይልካል፣ ማግኔቱ ብረቱን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ፔዳሉም ይከብዳል። ቁልቁለት ሲመጣ ይለቃል። መልእክቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለሳል፦ መሣሪያው "ይህን ያህል ዋት ረግጧል" ይላል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ "መንገዱ ይህን ያህል ያዘነብላል" ብሎ ይመልሳል።

ታዲያ ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞሩ ወይም ማርሹ መቀያየሩ በራሱ ፍጥነትን አይወስንም። ፕሮግራሙ ዋቱን ይቀበልና የተወዳዳሪውን ክብደትና ቁመት፣ የመንገዱን ማዘንበል፣ የጎማውን ሰበቃና የአየሩን ግፊት አስልቶ "እውነተኛ መንገድ ላይ ቢሆን ይህ ሰው በዚህ ጉልበት በምን ያህል ፍጥነት ይሄድ ነበር?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል የሚሄደው በዚያ መልስ ነው።

ክብደት ለምን ይጠየቃል? ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። አንዷ 60 ኪሎ ትመዝናለች፣ 240 ዋት ትረግጣለች። ሌላው 80 ኪሎ ነው፣ 320 ዋት ይረግጣል። ዋቱ ለኪሎ ሲካፈል ሁለቱም 4 ይመጣላቸዋል። ዳገት ላይ ትግሉ ከገዛ ክብደት ጋር ስለሆነ እኩል ሊባል በሚችል ፍጥነት ይወጣሉ። ሜዳ ላይ ግን ትግሉ ከአየር ጋር ነው። የ80 ኪሎው ሰው አየሩን የሚገፋበት ሰውነት ከእሷ በጥቂቱ ቢሰፋም ጉልበቱ በ80 ዋት ይበልጣልና ጥሏት ይሄዳል። ዋት ለኪሎ የሚባለው ቁጥር የዳገት ቋንቋ ነው፤ ሜዳ ላይ ጠቅላላ ዋት ይናገራል።

ሌላው ትልቅ ነገር ከሰው ጀርባ ተጠግቶ መንዳት ነው፤ ድራፍት ይሉታል። ፊት ያለው አየሩን ሲሰነጥቅ ከኋላ ያለው ይከለላል። ፕሮግራሙ ይህንንም ያሰላል፦ በሜዳ ላይ ከሌሎች ጀርባ የተጠለለ ተወዳዳሪ ከሩብ ያላነሰ ጉልበት ሊቆጥብ ይችላል። መነሻው ላይ ያ ሁሉ ጥድፊያ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከቡድኑ 3 ሜትር፣ 5 ሜትር፣ 8 ሜትር እያለ ክፍተቱ ሲሰፋ ስክሪኑ ላይ ማየት ከባድ ነው። የኋላው ሰው ያንን ክፍተት ለመዝጋት ለብቻው ከቡድኑ በላይ መርገጥ አለበት፤ ሳንባው ካልቻለ ቡድኑ ይሰወራል፣ ቀሪው ግማሽ ሰዓት ለብቻ የሚታረስ ማሳ ይሆንበታል።

ፍሬን እምብዛም አያስፈልግም፣ መውደቅም የለም። የቁልቁለትና የጥምዝ ችሎታ፣ ከመቶ ሰው ጋር ክርን ለክርን ሆኖ ቦታ የመያዝ ድፍረት እዚህ አይፈተኑም። ይህን ስፖርቱ በግልጽ መቀበል አለበት ብዬ አምናለሁ። በምትኩ ደግሞ መንገድ ላይ የሌለ ነገር አለ። አንዳንድ ውድድሮች ላይ ለጥቂት ሰከንድ ክብደትን የሚያቀል ወይም የአየሩን ግፊት የሚቀንስ እርዳታ ይታደላል። መቼ እንደሚጠቀሙበት ማወቅ ራሱን የቻለ ስልት ሆኗል። ጥብቅ ውድድሮች አንዳንዴ ይህን ከነአካቴው ያግዱታል።

በአንድ ቀን ከመጨረስ ለምን በብዙ ምዕራፍ ይከፈላል?

የአንድ ቀን ውድድር የሚነግረን ያን ቀን ማን እንደቀናው ነው። መንገዱ ሜዳ ከሆነ ከባድና ጉልበተኛ ሰው ያሸንፋል፣ ዳገት ከሆነ ቀላሉ። ኢንተርኔት ለ5 ሰከንድ ቢቋረጥ የአንድ ወር ልምምድ ገደል ይገባል። ተከታታይ ውድድር ይህን ለማረም የተዘረጋ ነው። እያንዳንዱ የውድድር ቀን ምዕራፍ ሆኖ ይቆጠራል። አንዱ ምዕራፍ ሜዳና በመጨረሻው መቶ ሜትሮች ሽምጥ የሚያልቅ፣ አንዱ አጫጭር ጉብታዎች የበዙበት፣ አንዱ ረጅም ዳገት፣ አንዱ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው ከሰዓት ጋር ብቻ የሚፎካከርበት ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ሰውነት መወጣት ያስፈልጋል።

ረጅሙ ዳገት ምን እንደሚመስል ለመገመት ዝዊፍት በተባለው መድረክ ላይ ያለውን አልፕ ዱ ዝዊፍት እንመልከት። በፈረንሳይ ተራሮች ካለው ታዋቂው አልፕ ዱዌዝ የተቀዳ ሲሆን 21 ጥምዞች፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና በአማካይ 8.5 በመቶ ማዘንበል አለው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 250 ዋት እየረገጠ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ትናንት በሜዳው ሽምጥ ላይ ጉልበቱን ያለ ስስት የበተነ ሰው ሂሳቡን የሚከፍለው እዚህ ነው።

በቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ሰዓት ነው። መንገድ ላይ መብራት ያስቆማል፣ ቁልቁለት ያሳርፋል። ትሬነር ላይ የሚያሳርፍ ነገር ጥቂት ስለሆነ ምዕራፎቹ በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቁም። በማግስቱ ያው እግር ያንኑ ይጠየቃል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሚበልጠው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን የበለጠው ሳይሆን በልቶ፣ ተኝቶና አርፎ የመጣው ነው።

አሸናፊው የሚለየው በሰዓት ነው ወይስ በነጥብ?

መንገድ ላይ መልሱ ቀላል ነው፦ የሁሉም ምዕራፎች ሰዓት ይደመራል፣ ትንሽ ሰዓት የወሰደ ያሸንፋል። ቢጫ ማሊያ የሚለበሰው በዚህ ስሌት ነው። በቤት ውስጥ ግን ተወዳዳሪዎች ዓለም ላይ ተበትነዋል። አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ጋ ይመሻል። ስለዚህ ብዙ ተከታታይ ውድድሮች አንዱን ምዕራፍ በቀን ውስጥ በተለያዩ ሰዓቶች ደጋግመው ያስነሱታል፤ ሰው የሚመቸውን ይመርጣል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚያው ነው። 30 ኪሎ ሜትር ሜዳ እናስብ። በጠዋቱ መነሻ 80 ሰዎች ገብተው ቡድኑ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ይበራል፦ 41 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። በማታው መነሻ 8 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እየተፈራረቁ ነፋሱን እየተጋፈጡ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ45 ደቂቃ ጨረሱ። ልዩነቱ ከ3 ደቂቃ በላይ ነው። የማታው አሸናፊ ግን ከጠዋቱ 20ኛ ሰው እጅግ የበረታ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ የለካው የሰውየውን አቅም ብቻ ሳይሆን የተጠለለበትን ቡድን ስፋት ጭምር ነው።

አዘጋጆች ለዚህ የተለያየ መፍትሔ አላቸው። አንዳንዶቹ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ያስነሳሉ፤ ፍትሐዊ ነው፣ ግን የዓለምን ግማሽ እንቅልፍ ይነሳል። ሌሎቹ ነጥብ ይሰጣሉ፦ በገባህበት ውድድር ስንተኛ ወጣህ? መንገድ ላይ ላሉ መለኪያ ቦታዎችስ ቀድመህ ደረስክ? በዚህ አሠራር ጠዋትና ማታ የሮጡ ሰዎች በሰዓት አይነጻጸሩም። ነጥብም የራሱ ጉድለት አለው፤ ጥቂትና ደካማ ሰዎች ያሉበትን መነሻ መርጦ የገባ ሰው በቀላሉ ነጥብ ይሰበስባል።

ለእኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ንጹሑ መለኪያ ከሰዓት ጋር የሚደረገው ምዕራፍ ነው። በዚያ ምዕራፍ ከሰው ጀርባ መጠለል ተዘግቷል። ጠዋት ቢነሱ ማታ፣ መቶ ቢሆኑ ሁለት፣ ስሌቱ አንድ ነው። ረጅም ዳገትም ወደዚያ ይጠጋል፤ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል የመጠለል ጥቅሙ ይሟሟልና። አንድ ተከታታይ ውድድር በጠቅላላ ሰዓት አሸናፊ እለያለሁ ካለ ምዕራፎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ማየት ተገቢ ነው።

ያመለጠ ምዕራፍ ካለ ብዙዎቹ በመጨረሻ የማካካሻ ቀናት ይሰጣሉ። ወይም የከፋውን አንድ ውጤት ከድምሩ ያወጣሉ።

ጀማሪ ከበረታ ሰው ጋር ይሰለፋል?

አይሰለፍም፤ በምድብ ይከፈላሉ። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ክፍፍል በዋት ለኪሎ ነበር፦ ከ2.5 በታች፣ ከ2.5 እስከ 3.2፣ ከ3.2 እስከ 4፣ ከዚያም በላይ። ቁጥሩ ግልጽ ነው፤ ለብልጠት የሚተወው ቀዳዳም ግልጽ ነው። 3.4 የሚችል ሰው ሆን ብሎ 3.1 ላይ ራሱን ገትቶ ለወራት ሊነዳና ታችኛው ምድብ ውስጥ ሊያሸንፍ ይችላል። እዚያ ምድብ ውስጥ ያለ የልፋቱን ሁሉ የሚሰጥ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይሰበራል። ስለዚህ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መድረኮች በውጤት ላይ ወደተመሠረተ ነጥብ አዘንብለዋል። እንደ ቼዝ ተጫዋቾች ነጥብ ነው፦ ካንተ የበረታውን ስታሸንፍ ከፍ ትላለህ፣ እያሸነፍክ ከኖርክ ደግሞ ታች ምድብ ውስጥ መቆየት አትችልም።

የዳገቱን ክብደት በቅንብር መቀነስ ማጭበርበር ነው?

አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች ዳገቱ በፔዳሉ ላይ ምን ያህል እንዲሰማ ተጠቃሚው እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። ግማሽ ላይ ያደረገው ሰው ማርሽ የሚቀይረው ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ ላይኛው ጫፍ ለመድረስ የሚያስፈልገው ዋት አይቀንስለትም። ረጅም ደረጃን ዝቅ ዝቅ ባሉ እርምጃዎች እንደ መውጣት ነው፤ የሚወጣው ከፍታ ያው ነው።

ታዲያ ማጭበርበሩ የት ነው?

ስሌቱ የሚያምነው ሁለት ነገር ነው፦ መሣሪያው የላከውን ዋትና ሰውየው የጻፈውን ክብደት።

ክብደትን እንይ። ቅድም ያልነው የ75 ኪሎ ሰው 72 ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያው 250 ዋት ያንን 12 ኪሎ ሜትር ዳገት በግምት 2 ደቂቃ ፈጥኖ ይወጣል። ላብ የለም፣ ልምምድ የለም፤ አንድ አኃዝ ብቻ ተቀየረ። በምዕራፍ ውድድር ላይ 2 ደቂቃ ማሊያ የሚያስለብስ ልዩነት ነው። ቁመትም እንዲሁ፤ አጠር ብሎ የተጻፈ ሰው አየሩን በትንሽ ሰውነት ይሰነጥቃል።

ዋቱም ያለ ክፋት ሊሳሳት ይችላል። ጥሩ ትሬነሮች ስህተታቸው ከ1 እስከ 2.5 በመቶ እንደሆነ ይገለጻል። 2 በመቶ እንኳ ቢሆን፣ እኩል 250 ዋት የሚረግጡ ሁለት ሰዎች አንዱ 245 ሌላው 255 ሊነበብላቸው ይችላል፤ በዚያው ዳገት ላይ ይህም ከ2 ደቂቃ በላይ ያራርቃቸዋል። ብዙ መሣሪያዎችን ከውድድር በፊት አሙቆ ዜሮውን ማስተካከል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ብረት ሲሞቅ ንባቡ ይቀየራል።

በከፍተኛ ውድድሮች ላይ ሁለት ማረጋገጫዎች ይጠየቃሉ። አንደኛው በሚዛን ላይ ቆሞ፣ ቁጥሩ እየታየ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ሁለተኛው ድርብ ምዝገባ ይባላል፦ ተወዳዳሪው ከትሬነሩ ሌላ ብስክሌቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ወይም የፔዳሉ ክንድ ላይ፣ ለብቻው የሚለካ ሁለተኛ ዋት ቆጣሪ ይገጥማል። የሁለቱ ፋይል ጎን ለጎን ይነበባል፤ መስመሮቹ አብረው ካልወጡና ካልወረዱ ጥያቄ ይነሳል።

ሌላ ዓይነት ጥፋትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያ የመጀመሪያው የዚህ ስፖርት ሻምፒዮን የሆነው ካሜሮን ጄፈርስ ማዕረጉን ተነጥቆ ለ6 ወር ታግዷል፣ 250 ፓውንድም ተቀጥቷል። በውድድሩ ላይ የረገጠው ዋት አልነበረም ችግሩ። በፕሮግራሙ ውስጥ ፈጣን የሆነ ብስክሌት የሚገኘው ብዙ ርቀትና ዳገት ከተነዳ በኋላ ነው፤ እሱ ያንን ብስክሌት ያገኘው በራሱ እግር ሳይሆን የሚነዳ ሰው በሚያስመስል ፕሮግራም ነበር።

ቬንትሌተሩስ ምን ያደርጋል?

የሰው አካል ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶው ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። 250 ዋት የሚረግጥ ሰው ከ750 እስከ 1000 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደ መለኮስ ነው። መንገድ ላይ ነፋሱ ይወስደዋል። ቤት ውስጥ የሚወስደው ከሌለ ልብ ደሙን ወደ ቆዳ ለማቀዝቀዝ ሲልክ ለእግሩ የሚተርፈው ያንሳል፣ ዋቱም ይወርዳል። ቬንትሌተር የምቾት ዕቃ አይደለም።

ይህ ስፖርት መቼ እንዲህ ጎላ?

ዝዊፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀምር ዓላማው በክረምት ትሬነር ላይ የሚሰለቹ ሰዎችን ማገናኘት ነበር። በ2020 ኮሮና መንገዶችን ሲዘጋ ግን ብዙዎቹ ታላላቅ ቡድኖች ወደዚህ መጡ። በሚያዝያ የስዊዘርላንድ ቱር አዘጋጆች ሩቪ በተባለው መድረክ 5 ውድድሮችን በተከታታይ አካሄዱ። በሐምሌ ደግሞ እውነተኛው ቱር ደ ፍራንስ ወደ ነሐሴ መጨረሻ በመገፋቱ በዝዊፍት ላይ የቱሩ ምስለ ውድድር ተደረገ፦ 6 ምዕራፎች፣ በ3 ተከታታይ ቅዳሜና እሁድ። ሴቶቹና ወንዶቹ አንድ ዓይነት መንገድ ነዱ። እያንዳንዱ ቡድን በየምዕራፉ 4 ሰው ያሰልፋል፣ ሰዎቹን እየቀያየረ፤ ነጥቡ የቡድኑ ነው። በወንዶች ኤንቲቲ፣ በሴቶች ቲብኮ ኤስቪቢ የተባሉት ቡድኖች አሸነፉ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የዚህን ስፖርት የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና በዝዊፍት ላይ አደረገ። ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሙልማን ፓሲዮና ጀርመናዊው ጄሰን ኦዝቦርን ቀስተ ደመናውን ማሊያ ለበሱ። ኦዝቦርን በጊዜው ጀልባ ቀዛፊ ነበር፤ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በቀዘፋ የብር ሜዳሊያ ወስዷል፣ በኋላ በመንገድ ብስክሌት ቡድን ተቀጠረ። በዝዊፍት የምርጫ ውድድር በ2020 አሸንፎ የቡድን ውል ያገኘው አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይን ደግሞ በ2022 በስፔን ቱር 2 ምዕራፎችን፣ ሁለቱንም በዳገት ላይ አሸንፏል። ዋቱ ከስክሪን ወደ አስፋልት አብሮ ይሻገራል። ፍሬንና ጥምዙ ግን እዚያው አስፋልት ላይ የሚለመዱ ናቸው።

የመጨረሻው ምዕራፍ እንዳለቀ አሸናፊው ታወቀ ማለት ነው?

ገና ነው። መስመሩን ስታቋርጥ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ዝርዝር ጊዜያዊ ነው። ፋይሎቹ ይሰበሰባሉ፣ የክብደት ቪዲዮዎቹ ይታያሉ፣ የልብ ምት ያልመዘገበ ወይም ሁለተኛ ፋይል ያልላከ ይጠየቃል። በአምስት ምዕራፍ ውስጥ የአንድ ሰው ጉልበት የራሱን መልክ ይዞ ይመጣል፦ በሽምጥ ላይ የት ይዝላል፣ ለ5 ደቂቃ ስንት ዋት ይይዛል፣ ድካም ሲመጣ ልቡና ዋቱ እንዴት ይራራቃሉ። በአንድ ምዕራፍ ላይ ያልተለመደ ቁጥር ካለ ከሌሎቹ አራት ጎን ሲቀመጥ ይታያል። በ2024ቱ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተወዳዳሪዎቹ ከየቤታቸው ከመወዳደር ይልቅ አቡ ዳቢ ተሰብስበው ከአንድ ጣሪያ ስር መወዳደራቸው ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዳኛ ፊት የተመዘነን ሰው ቪዲዮ መጠየቅ አያስፈልግም። በዚያ ላይ በወንዶች ያሸነፈው እንደገና ኦዝቦርን ነበር።

ከየቤቱ ለሚወዳደረው ግን ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ላቡን ጠርጎ ፋይሉን ይልካል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ዝርዝሩ ሲጸድቅ 31ኛ የነበረው አንዳንዴ 29ኛ ሆኖ ያድራል።